ለአዲ አርቃይ ቤቶች የሚሆን የቤት ኮምፒውተር

በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ሲበራ ወዲያው ፕሮግራም ለመጻፍ ዝግጁ ነበር። የዘመናችንን ተተኪ አዲ አርቃይ ላለች ተማሪ ብነድፍ የምጀምረው ከፊደሉ ነው።

ኮሞዶር በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ምልክት ነው፤ እያንዳንዱም በ8 በ8 ነጥብ የተሣለ። የአማርኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ እና ቧ፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው ይሞላል፤ ለላቲን ፊደል የሚተርፍ የለም። በዚያ ላይ በ8 ነጥብ ጨ እና ጬን መለየት ዐይን ያደክማል። ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት ኮድ መስፈርት በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን የሰጠውን ባለ 384 ቦታ ክፍል በ16 በ16 ነጥብ ብንሥለው 12 ኪሎባይት ይፈጃል። ለኮሞዶር ይህ ከማስታወሻው አምስተኛ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ግን ከቁጥር አይገባም።

አካሉን በተመለከተ ራስቤሪ ፓይ 400 (2020 እ.ኤ.አ.) ጥሩ መነሻ ነው። ሙሉ ኮምፒውተሩ ኪቦርዱ ውስጥ ነው፤ አቧራ የሚስብ ማራገቢያ የለውም፤ ቻርጀሩም 15 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በሶላር ባትሪ ሊሠራ ይችላል። ቁልፎቹ ላይ ግን ፊደላችን መታተም አለበት።

አንድ ነገር ከድሮው እንውሰድ። የኮሞዶር መሠረታዊ ሶፍትዌር በማይጠፋ ቺፕ ላይ ስለተጻፈ መብራት ድንገት ቢጠፋም አይበላሽም ነበር። የዛሬው ሚሞሪ ካርድ ግን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ይቆለፍ፤ የተማሪዋ ሥራ በሌላ ክፍል ይቀመጥ።