ሥራ ፍለጋ በዕጣ ሲጠና

አራት ኪሎ ሄዶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው፣ ሥራ መፈለግ ራሱ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከከተማው ዳር ለሚነሣ ወጣት የደርሶ መልስ ታክሲው አለ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒው አለ፣ ማመልከቻ አስገብቶ ስልክ የሚጠብቅበት ሳምንትም አለ። በዚህ መሐል ኪሱ ሲሳሳ የተገኘውን የቀን ሥራ ይይዛል። ከነዚህ እንቅፋቶች የትኛው ቢነሣለት ነው ኑሮው የሚለወጠው? ለዚህ መልስ የሚፈልግ የምርምር ሙያ አለ፤ ዋና መሣሪያውም ለእኛ እንግዳ ያልሆነው ዕጣ ነው።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? ሥልጠና የወሰደውን ካልወሰደው ጋር አስተያይቶ «ሥልጠናው ጠቀመ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሥልጠና ፈልጎ የሚመጣው ቀድሞውኑ ትጉህ የሆነው፣ ወይም ወሬውን የሚነግረው ዘመድ ያለው ሊሆን ይችላል። ያለ ሥልጠናውም ሥራ ያገኝ እንደነበር በምን ይታወቃል? የዕቁብ ዕጣ ትጉህና ሰነፍ፣ ባለዘመድና ብቸኛ ብሎ አይመርጥም። ብዙ ሰዎች በዕጣ ሲከፈሉ ቡድኖቹ በትጋትም በዘመድም በአማካይ ይመሳሰላሉ፤ ኋላ የሚታየው ልዩነት እንግዲህ ከተሰጣቸው ነገር የመጣ ነው። በዚህ ዘዴ ድህነትን ያጠኑት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

አዲስ አበባም የዚህ ምርምር አንድ ትልቅ ማዕከል ናት። ግሩም አበበ፣ ሳይመን ፍራንክሊን፣ ስቴፋኖ ካሪያና ሦስት ባልደረቦቻቸው ከ3,000 በላይ የከተማዋን ወጣቶች ለዓመታት ተከታትለዋል። ዕጣ ለወጣላቸው ለአንዱ ወገን የታክሲ ገንዘብ ተሰጠ፤ ወጣቱ መሐል ከተማ ወዳለው ቢሮ በሳምንት እስከ 3 ቀን በአካል እየመጣ የደርሶ መልሱን ይቀበላል። ሌላው ወገን የሲቪና የማመልከቻ አጻጻፍ፣ የኢንተርቪው አቀራረብም ተማረ፤ ቀጥሎም በሒሳብ፣ በቋንቋና በማገናዘብ ችሎታ ተፈትኖ ውጤቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። በዚህ ሥራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮሜርስ ተሳትፏል። ሦስተኛው ወገን ምንም አልተሰጠውም፤ ያለ እሱ ማነጻጸሪያ አይኖርም።

ለጊዜው ሁለቱም ጠቀሙ። የታክሲ ገንዘብ ያገኙትም የተፈተኑትም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ከ4 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን የታክሲው ጥቅም ጠፍቷል። የምስክር ወረቀቱ ወገን ገቢ በአንጻሩ ከማነጻጸሪያው በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ወትሮ ሥራ ለማግኘት እጅግ የሚቸገሩት ነበሩ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንም አዲስ ሙያ አልለመደም። ወጣቶቹ ችሎታው ነበራቸው፤ ቀጣሪ የሚያምነው ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። «ወጣቱ ሙያ የለውም» የሚለውን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ሌላው ጥናት ያተኮረው ፋብሪካ ላይ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ አመልካቾችን በዕጣ ከፈሉ፦ ለከፊሎቹ ሥራው፣ ለከፊሎቹ 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር፣ ለቀሩት ምንም። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ለቀቁ። ገቢያቸው ይህ ነው በሚባል መጠን አልጨመረም፤ በፋብሪካ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የሚገጥማቸው ሰዎች ድርሻ በአንድ ነጥብ ይጨምር ነበር። መነሻ ገንዘብ ያገኙት በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ሦስቱም ወገኖች ተቀራርበው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ በዓመቱ ጨርሰው ቢሄዱ ኖሮ ስለ መነሻ ገንዘቡ የምናውቀው ግማሹን ብቻ ይሆን ነበር። ለዚህም ነው ትዕግሥትን የዚህ ሙያ ግማሽ አካል አድርጌ የማየው።

ቀጣሪዎችን የሚመለከተውን ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ። ግሩምና ካሪያ ከኤስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ለማመልከት ለመጣ ሰው ትንሽ ገንዘብ ለከፈለ ቀጣሪ የተሻለ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች መጥተውለታል። ጎበዞቹ ቀድሞም ነበሩ፤ የማመልከቻው ወጪ ግን ይበልጥ የሚከብደው እነሱን ነበር። የአገር ውስጥ ቀጣሪዎች የዚህን ጥቅም አስቀድመው እንዲገምቱ ሲጠየቁ ከእውነተኛው አሳንሰው ገመቱ። እናም የቅጥር ሥራ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ የአመልካቹን የታክሲ ሒሳብ መሸፈንን አስቡበት፤ ከልምድ ማስረጃ በፊትም አጭር የችሎታ ፈተና አስቀድሙ።