ስለ ጥርጥርና ስለ ክሕደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ በዛሬው ትምህርታችን «እግዚአብሔር መኖሩን እጠራጠራለሁ» የሚል ሰው በምን ስም ሊጠራ እንደሚገባው እንመለከታለን። ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እናቴ ሆይ፥ ከእንግዲህ አማኝ ነኝ ለማለት አልችልም» ያለ ልጅ በአንድ ቀን ከሐዲ ተብሎ ከቤት ሲወጣ፥ እናቲቱም እንደ ሞተባት ስታለቅስለት እናያለንና።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። ካደ የሚለው ቃል በችሎትም ይነገራል፤ የተበደረውን ገንዘብ አልተበደርሁም የሚል ሰው ካደ ይባላል። እንግዲህ ክሕደት የሚያውቁትን አላውቅም ማለት ነው። ጥርጥር ግን የልብ ለሁለት መከፈል ነው። በግእዝ ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ ግን የራቀውን ለማየት ጓጓ ማለት ነው። የሁለቱን ዝምድና ለሊቃውንት እንተወውና፥ ከሚጠራጠሩት መካከል የሚናፍቁ እንዳሉ ግን አንጠራጠርም። መርምሮ፥ ተጨንቆም፥ አምላክ የለም ብሎ በቅንነት የደመደመውንስ ምን እንለዋለን? ተሳስቷል እንላለን፤ ሐሰተኛ ነው ግን አንልም።

ብዙዎች በዚህ ሰው ላይ መዝሙር 13ን ይጠቅሱበታል። ነገር ግን መዝሙሩ የሚናገረው አምላክ የለም ብሎ በልቡ ስለሚያስብ ሰነፍ ነው፤ ወዲያውም የሚዘረዝረው የሥራን ርኵሰትና ሕዝብን እንደ እንጀራ መብላትን ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአንገቱ ማዕተብ አስሮ፥ በሰው ፊት አማኝ ተብሎ ሊኖር ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ከአገራችን ሕዝብ ከመቶ 43.5 ኦርቶዶክስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝጋቢው የጻፈው የአፍን ቃል እንጂ የልብን አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታትም በስብሰባ አምላክ የለም እያሉ ልጆቻቸውን በስውር ያስጠመቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል።

አሁን ወደ ቶማስ እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ከትንሣኤ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በስሙ ሰይማለታለች፤ ዳግም ትንሣኤ የሚባለውም እሑድ ጌታ ለእርሱ የተገለጠበት መታሰቢያ ነው። ዮሐንስ በምዕራፍ 20 እንደ ጻፈው፥ ቶማስ የችንካሩን ምልክት ካላየ እንደማያምን ለባልንጀሮቹ በግልጥ ነገራቸው። ከስምንት ቀን በኋላም ደጆቹ ተዘግተው ሳሉ እርሱ ከእነርሱ ጋር በውስጥ ነበረ። ውጣ ያለው ሰው እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ እርሱም ያመነ መስሎ እንደ ቈየ አልተጻፈም። ስለ ቶማስ ጣት ብዙ ይሰበካል፤ ስለ እነዚያ ስምንት ቀኖች ግን እምብዛም አይነገርም።

እናት ሆይ፥ ልጅሽ በጾም ቀን ሳይጾም ቢቀር ማዕድሽን አትለዪበት። ነገር ግን ጎረቤት እንዳይታዘብ ብለሽ፥ ሳያምን ወደ ቍርባን እንዲቀርብ አታስገድጂው፤ ይህ ከጥርጥሩ የከፋ ነውና። የነፍስ አባቱም በግዝት አይጀምሩ። አስቀምጠው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ይስሙት፤ መልሱ በአንድ ቀን የማያልቅ ቢሆን ሌላ ቀን ይቅጠሩት።