ጡንቻ ካልሠራ ይደክማል

በሰውነታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ጡንቻ አለ። አንደኛው የልብ ጡንቻ ሲሆን፣ ተኝተንም ነቅተንም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሁለተኛው በጨጓራ፣ በአንጀትና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ይህም እኛ ሳናዘው ሥራውን ያከናውናል። ሦስተኛው ከአጥንት ጋር በጅማት የተያያዘው ነው። ቁጥሩ ከ600 በላይ ሲሆን የምናንቀሳቅሰው በፈቃዳችን ነው።

የአጥንት ጡንቻ እንደ ገመድ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ከአንጎል በነርቭ በኩል ትእዛዝ ሲደርስ ክሮቹ ያጥራሉ፤ አጥንቱንም ይስባሉ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ክንድን የሚያጥፈው አንዱ፣ የሚዘረጋው ሌላው ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ፈጥኖ ይከሳል። በአገር ቤት ውኃ ሲቀዱ፣ ዳገት ሲወጡ የኖሩ እናቶች እዚህ በሊፍት ወጥተው ሶፋ ላይ ይውላሉ። ልጆችም በአክብሮት «እማዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ይላሉ። ነገር ግን የጭን ጡንቻ ሲደክም ከወንበር መነሳት ያቅታል፤ መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበርም ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ ሐኪም ካልከለከለዎ በየቀኑ ይራመዱ። ጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ ሆነው ከወንበር ቀስ ብለው እስከ 10 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ዶሮ ለጡንቻ ይጠቅማሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የኩፓት ሆሊም ሐኪሙን ይጠይቅ።

እጅ ወይም እግር በአንድ ወገን በድንገት ከዛለ ግን የጡንቻ ድካም ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ 101 ደውሉ። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ማክበር አብሮ መራመድም ነው።