ኮከቡ የሚናገረው ቀን

የቺካጎው ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን የወረሰው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪው ኤድዋርድ ኦሄር ነው። ኦሄር እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1942 ሌክሲንግተን ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነስቶ የጃፓን ቦምብ ጣዮችን ገጠመ፤ በዚያ ውጊያም ታላቁን የጀግንነት ሜዳሊያ አገኘ። ያበረራት ዋይልድካት የጎን ምልክቷ ኤፍ-15 ነበር። ዓለም ያወቀው ፎቶግራፍ ግን ሚያዝያ 10 ቀን የተነሳው ነው፤ በእሱ ላይ ኦሄር የሚታየው በኤፍ-13 ውስጥ ነው። የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪ ፎቶግራፉን ብቻ አምኖ «የውጊያዋ አውሮፕላን ይህች ናት» ቢል ይሳሳታል።

ዲካል ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ስስ የታተመ ምልክት ነው። ከሞዴሉ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት አውሮፕላን ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ዕድሜ ሲጫነውም ቢጫ ይሆናል። ለብቻው የሚሸጠው ዲካል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ምርጫ ያሰፋል፤ ጥሩው ደግሞ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ቀንና ክፍል ለይቶ ይነግራል።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በአሜሪካ አውሮፕላኖች ላይ የሚሳለው ኮከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ደጋግሞ ተለውጧልና። እስከ ግንቦት 1942 በነጩ ኮከብ መሐል ቀይ ክብ ነበር። በጦፈ ውጊያ መሐል ለቅጽበት ያየው ተኳሽ ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋር ሊያምታታው ስለሚችል ክቡ እንዲነሳ ታዘዘ፤ የጅራቱ ቀይና ነጭ መስመሮችም አብረው ጠፉ። በሰኔ 1943 መጨረሻ ግራና ቀኝ ነጭ አራት ማዕዘኖች ተጨመሩ፣ ዙሪያውም በቀይ ተከበበ። ያ ቀይም አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በሰማያዊ ተተካ። ሄልካት የተባለችው የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን መጀመሪያ የተዋጋችው በነሐሴ 1943 መጨረሻ ነው። በመሐሉ ቀይ ክብ ያለበት ኮከብ የተለጠፈባት የውጊያ ሄልካት እንግዲህ በታሪክ ውስጥ ቦታ የላትም።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። 13 ሜትር ገደማ የነበረው የሄልካት ክንፍ በ1/48 ሞዴል 27 ሳንቲሜትር ይሆናል። ማተሚያው አንዱን ቀለም በግማሽ ሚሊሜትር ቢያዛንፍ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 24 ሚሊሜትር እንደ መሳት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የኮከቡን ነጭ ጫፍ በማጉያ መነጽር ማየት ያዋጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም ሻካራ ስለሆነ በዲካሉ ስስ ሽፋን ሥር አየር ይታፈናል፤ ብርሃን ሲያርፍበትም እንደ ብር ያንጸባርቃል። መፍትሔው አስቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ዲካሉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከወረቀቱ ሲላቀቅ በወረንጦና በለስላሳ ብሩሽ ቦታው ላይ ይንሸራተታል፤ ማለስለሻ ፈሳሽ ሲቀባበት ደግሞ ወደ መገጣጠሚያ መስመሮቹ ሰርጎ የተቀባ ይመስላል። ፈሳሹን እንደቀቡ ዲካሉ ሊሸበሸብ ይችላል፤ ያኔ እጅን ሰብስቦ እስኪደርቅ መታገሥ ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ፣ ቀጥሎ የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ፈልጉ፣ ዲካሉን መጨረሻ ላይ ግዙ። ኤፍ-13ን የወደደም ይሥራት፤ ከሥሯ ግን «ሚያዝያ 1942» ብሎ ይጻፍባት። ኦሄር በዚያች አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ፎቶግራፍ የተነሳበት ቀንም እውነተኛ ቀን ነውና።