የስላቅ ወሰን፤ የፖለቲካ ሥዕል በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን

ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ አገር በነገሡበት ዘመን፥ ማለት ከ1837 እስከ 1901 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፥ ሹማምንትን በሥዕል መሸርደድ የታወቀ ልማድ ነበር። ይሁን እንጂ ማን እስከ ምን ድረስ እንደሚሸረደድ ያልተጻፈ ሕግ ይወስነው ነበር። ለኅብረተሰብ ጥናት ከሣቁ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ወሰን ነው።

ከዚያ በፊት፥ በ1815 የሞተው ጄምስ ጊልሬና መሰሎቹ ነገሥታቱን ሳይቀር በመራራ ሥዕል ያዋርዷቸው ነበር፤ ሥዕሉም በነጠላ ወረቀት እየታተመ በሱቅ መስኮት ይታይ ነበር። በ1841 ፓንች የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። በሦስት ፔኒ የሚሸጠው ይህ መጽሔት በቤተ ሰብ መካከል የሚነበብ ስለ ነበረ፥ ብልግናውን ትቶ በጨዋ ደንብ መሣለቅን መረጠ።

«ካርቱን» የሚለው ቃል የዛሬ ትርጉሙን ያገኘው በዚሁ መጽሔት ነው። ቀድሞ ቃሉ ለግድግዳ ሥዕል የሚዘጋጀውን ንድፍ ብቻ ያመለክት ነበር። በ1834 የተቃጠለው የፓርላማ ሕንጻ እንደ ገና ሲሠራ፥ ለግድግዳው የታሰቡት ንድፎች በ1843 ለሕዝብ ታዩ። ጆን ሊች በዚያው ዓመት «ካርቱን» በሚል ስም፥ የተራቡ ድኾች በሥዕል አዳራሽ ቆመው የደላቸውን ሰዎች ሥዕል ሲመለከቱ አሳየ፤ መንግሥት ዳቦ ለለመነው ሥዕል ሰጠው ማለቱ ነበር።

ዋናው ሥዕል የአንድ ሰው ሐሳብ አልነበረም። የመጽሔቱ ሰዎች በየሳምንቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ እየበሉ ርእሱን በክርክር ይወስናሉ፤ ጆን ቴኒየል የተወሰነውን በእንጨት ላይ ይነድፋል፤ ቀራጩ ይቀርጸዋል፤ ከዚያም ይታተማል። ቴኒየል ከ1850 እስከ 1901 በዚህ ሥራ ሲኖር በ1893 የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ። ሸርዳጁም እንዲሁ ከሚሸረደዱት መኳንንት ተርታ ገባ።

ሥዕሉ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ነበረው። በ1876 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ ንግሥቲቱ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት እንዲባሉ ሕግ ባስወጣ ጊዜ፥ ቴኒየል በአላዲን ተረት አሮጌ ፋኖስ በአዲስ እለውጣለሁ እያለ በሚያታልለው ሰው አምሳል ሣለው፤ እዚህ ግን የሚለወጠው ዘውድ ነው። ሰሙ ተረቱ ሲሆን፥ ወርቁ አዲሱ ማዕርግ ከጥንታዊው ዘውድ እንደማይበልጥ መናገር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብልጣ ብልጥ ሆኖ ታየ እንጂ ሰውነቱን አላጣም።

ለአየርላንዳውያን ግን ይህ ወሰን አልተጠበቀላቸውም። የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወሙት ብዙ ጊዜ በዝንጀሮ መልክ ይሣሉ ነበር። በ1882 ደብሊን ውስጥ ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣኖች ከተገደሉ በኋላ፥ ቴኒየል ዐመፁን ጭምብል ባጠለቀና ደም የሚያንጠባጥብ ጩቤ በያዘ አስፈሪ ፍጡር መሰለው፤ የአየርላንዳውያን የፓርላማ መሪ ፓርኔልም ራሱ የፈጠረውን ፍጡር ፈርቶ ሲሸማቀቅ ይታያል። በዚሁ ዘመን በደብሊን የሚታተሙ የስላቅ መጽሔቶች ያንኑ አየርላንዳዊ ቀጥ ያለ ቁመናና ያማረ ፊት ሰጥተው ይሥሉት ነበር።

የአንድ ሕዝብ ሰው በለንደን ዝንጀሮ፥ በደብሊን መልከ መልካም የሆነው መልኩ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሥዕሎች ለምስክርነት የሚጠራ ተመራማሪ፥ ስለ ተሣለው ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ሣለውና አይቶ ስለ ሣቀው ኅብረተሰብ የሚናገሩት እንደሚታመን ማስተዋል ይገባዋል። ፓንች በ1867 ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያንን ማሰራቸውን ርእስ ያደረገ ሥዕል አውጥቷልና፥ ይህ ጥንቃቄ የኢትዮጵያን ታሪክ ለሚመረምርም ያስፈልጋል።