ልጁን ልላክ ወይስ ላስቀር?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በየተራ መከፈት ሲጀምሩ እናቴ ደውላ፣ «የኔ ሐኪም፣ እህትህን ልላካት ወይስ ላስቀራት?» አለችኝ። ሐኪም ቀርቶ ገና ጀማሪ ተማሪ ነበርሁ፤ አጥርቼ አልመለስሁላትም። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ለእናንተም መደወሉ አይቀርምና የዛሬው መልሴ ይኸው።

ኮሮና ሕፃናትን ቢይዝም አብዛኞቹን አይጠናባቸውም። ይበልጥ የሚያሰጋው ልጁ ወደ ቤት ይዞት የሚመጣው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ከልጁ ጋር አንድ ቤት የሚያድረው ማን ነው? የሚለው ነው። እኛ ቤት አያታችን ነበሩ፤ ስኳርም አለባቸው። ቀጥሎ የክፍሉ መስኮት ይታያል። ተሐዋሲው ከትንፋሽ ጋር ወጥቶ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል፤ በር ላይ እጅ ማስታጠብ ብቻውን (ያኔ ዋናው እርሱ መስሎን ነበር) ይህን አያስቀርም።

ማስቀረትም ዋጋ አለው። ሬዲዮና ስልክ ያለው ቤት ትምህርቱን በከፊል ይከታተላል። የሌለው የገበሬ ልጅ ከብት ጥበቃ ይሰማራል፤ ሴቷ ልትዳር ትችላለች፤ ከዚያ ወደ ክፍል መመለስ ቀላል አይደለም።

እናቴ መልሴን ሳትጠብቅ እህቴን ላከቻት፤ የአያቴን መኝታ ለብቻ አድርጋ መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ከፍታ ትውል ጀመር። አያቴ በስልክ የሚያማርሩኝ ስለ ጥቅምት ብርድ ብቻ ነበር።