ቡናማው ቀለም ምን ይመሰክራል?

ናሙናን ፈጭቶ ፕሮቲን የሚለካ ዘዴ ስንት እንዳለ እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ኢሙኖሂስቶኬሚስትሪ ግን ፕሮቲኑ በየትኛው ሕዋስ ውስጥ እንዳለ፣ ኒውክለሱ ላይ ይሁን ሽፋኑ ላይ፣ በቀለም ያሳያል። ለዚህ ውለታው የሚገባውን ክብር አግኝቷል ማለት ያስቸግራል።

አሠራሩ አጭር ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፣ በፓራፊን ሰም ይደነድናል፣ በማይክሮቶም 4 ማይክሮን ገደማ ሳስቶ ይቆረጣል። አንደኛው አንቲቦዲ የሚፈለገውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ኢንዛይም የተሸከመው ሁለተኛው ደግሞ አንደኛውን። ኢንዛይሙ የተጨመረለትን ኬሚካል ቡናማ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1941 የሃርቫርዱ አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ሞለኪውል አጣብቀው የሳንባ ምች ባክቴሪያን አበሩ። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር ግን ብዙ አንቲቦዲዎች ዒላማቸውን መያዝ አቅቷቸው ኖረ። በ1991 ሻን ሮንግ ሺና ባልደረቦቹ ስላይዶቹን በማይክሮዌቭ አሞቁና እስሩን አላሉት። አዎ፣ ወጥ በሚሞቅበት ማሽን!

አንድ ስህተት ግን አልጠፋም። ብዙ ተመራማሪ አንደኛውን አንቲቦዲ ሳይጨምር ሌላ ስላይድ ይሠራል፤ ቀለም ካላየ «አንቲቦዲዬ ትክክል ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሙከራ የሚመረምረው ሁለተኛውን አንቲቦዲና ኢንዛይሙን ብቻ ነው። የተከታዩ ንጽሕና መሪውን አያነጻም፤ አንደኛው አንቲቦዲ ሌላ ፕሮቲን ይዞ ከሆነም ስላይዱ ያው ቡናማ ነው፣ ያውም የሚያምር ቡናማ። ቁርጡ የሚታወቀው የፕሮቲኑ ጂን ሆን ተብሎ የጠፋበት ሕዋስ ወይም አይጥ ላይ ሲሞከር ነው። እዚያም ቀለም ከታየ አንቲቦዲው ሌላ ነገር ይዟል።

የዚህ ስህተት ዋጋ ቀላል አይደለም። ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ቤታ የተባለው ፕሮቲን በ1996 ከታወቀ በኋላ በጡት ካንሰር ስላለው ሚና ብዙ ተጽፏል። በ2017 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት ፕሮቲኑን ለማሳየት የሚያገለግሉ 13 አንቲቦዲዎችን ፈተነ፤ ያለፈው አንድ ብቻ ነበር። በዚያው በአንዱ ሲታይ ፕሮቲኑ በጤነኛ ጡት አልተገኘም፤ በካንሰር በተያዘውም አልተገኘም። የቀደሙት ቡናማ ሥዕሎች ስንቱን አሳስተው ይሆን?

ስለዚህ አንቲቦዲ የምትገዙ ሁሉ፣ የሻጩን ማስታወቂያ ብቻ አትመኑ። ጽሑፋችሁ ላይም የአንቲቦዲውን የካታሎግ ቁጥርና የፈተናችሁበትን መንገድ ጻፉ፤ ሌላው ሰው ሥራችሁን መድገም የሚችለው ያኔ ነው።